ዓይኑን የማያዩት በረኛ

ያ ጉዳይ በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ የፊት ጥርስ፣ ግማሽ ስልቻ ነጭ ሽንኩርት፣ የሁለት ወር የአባቴ ኩርፊያ፣ እና አንዴ ከአፌ ወጥቶ ልመልሰው ያልቻልሁት አንድ ዘፈን ነው። ጥርሱን በወርቅ ተክቼዋለሁ። ሽንኩርቱንም ከዚያ ወዲህ በኩንታል እያከፋፈልሁ ስለኖርሁ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም። የአባቴም ኩርፊያ ድሮ አልፏል፤ እሳቸውም አልፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው እሑድ ነው። እንጅባራ ላይ ሱቅ ከከፈትሁ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖኛል። እሑድ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለችው ኳስ ማሳያ ቤት እገባለሁ። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ተንታኙ የሚለውን የሚሰማ የለም፤ እንጅባራ ደግሞ ዝናብ የሚጥልበትን ሳይሆን የማይጥልበትን ቀን መቁጠር ይቀላል፤ ስለዚህ ትንተናውን የምንሰጠው እኛው ነን። ሁልጊዜ ከጎኔ የሚቀመጠው ደመላሽ ነው፤ የቀርቀሃ ወንበር ነጋዴ፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ቦታ የሚይዝ ሰው። በልጅነቱ ግን የኮሶበር ቡድን አጥቂ ነበር (እንጅባራን ያኔ የምንጠራት ኮሶበር ብለን ነው)፤ እኛን ዳንግላዎቹን ስንት ጊዜ አስለቅሶናል።

የዚያን ዕለት ሁለት የለንደን ቡድኖች ይጫወቱ ነበር። ዝናቡ ጋብ ሲል ከቴሌቪዥኑ አንድ ዜማ ተሰማ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጉንፋን ይዞት ነጭ ሽንኩርት እያኘከ፣ ዞር ብሎ ያስረዳን ጀመር። የዚያ ቡድን ደጋፊዎች «አይሁድ ነን» እያሉ ነው የሚዘፍኑት። ሰፈሩ ድሮ አይሁድ ይበዙበት ስለነበር ተቃራኒዎቻቸው በዚያ ይሰድቧቸው ነበር፤ እነሱም ስድቡን ነጥቀው መዝሙር አደረጉት።

«ታዲያ ሁሉም አይሁድ ናቸው?» አልሁት።

«ኧረ ጋሼ! አብዛኞቹ አይደሉም።»

«እውነተኞቹስ አብረው ይዘፍናሉ?»

«እሱ ያጨቃጭቃል። አንዳንዱ ጋሻችን ነው ይላል፣ አንዳንዱ ኧረ ተዉን ይላል።»

ቀጥሎም ተቃራኒዎቹ አንዳንዴ በጥርሳቸው መካከል «እስስስ» እንደሚሉ ነገረን፤ ያ ድምፅ በጦርነቱ ጊዜ አይሁድን የፈጁበትን ጋዝ ለማስታወስ ነው። ደመላሽ እንዲህ ያለ ከባድ ወሬ አይወድም፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚያም አብልጦ ይጠላል፤ ብድግ ብሎ ወንበሩን ከልጁ ሁለት ክንድ አራቀና «ስማኝ፣ ይኼ ምን ይገርማል? እኔን ዳንግላ ላይ በረኛ በልቶኝ ያውቃል። ቡዳ ነበር። ሪጎሬ ልመታ ስል ነው የጣለኝ!» አለ። ፍፁም ቅጣት ምትን የእኛ ዘመን ሰው እስከዛሬ ሪጎሬ ነው የሚለው። ወጣቶቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ደመላሽ ይህን ታሪክ አርባ ዓመት ሲያወራው ኖሯል፣ እኔም አርባ ዓመት ሳርመው ኖሬያለሁ፤ እሱ ግን የልጅ ልጅ ላየ ሰው «ሽንኩርት ጣለኝ» ከማለት «ቡዳ በላኝ» ማለት ያስከብራል ባይ ነው። ያ የተማሪው አፍ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ እንዳለ፣ ሁለተኛውን አጋማሽ ማን እንዳሸነፈ ሳላይ፣ በሐሳቤ ዳንግላ ገባሁ።

ሜዳችን ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ያለው የከብት ግጦሽ ነበር። መስከረም ላይ ሣሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ያድግና ኳሱ ውስጡ እየገባ ይጠፋል፤ ጎሉ ከባሕር ዛፍ የተተከለ ሁለት ቋሚ ነው፣ አግዳሚው ገመድ ነው፣ ገመዱም ሰኞ ሰኞ ልብስ ይሰጣበታል። በረኛ የሆነ ልጅ ከኳሱ ሌላ ጥጃ የመመለስ ግዴታ ስለነበረበት በረኛ መሆን የሚፈልግ አልነበረም። እኔ በእግሬ ረገድ ከአግዳሚ ወንበር ተነስቼ አላውቅም፤ አግዳሚ ወንበርም ስላልነበረ ድንጋይ ላይ ነበር የምቀመጠው። ቡድኑ የያዘኝ ለአፌ ነው። የእናቶችን ቁጣ የማበርድ፣ ለኳስ መስፊያ ሳንቲም የምለምን፣ ተቃራኒን በግጥም የማሸማቅቅ እኔ ነበርሁ።

ከሜዳው ግርጌ ወንዙ ዳር የአያ መርሻ ቤት ነበረ። አያ መርሻ ቀጥቃጭ ናቸው። ከቋራ ወገን ከአባታቸው ጋር እንደመጡ ይነገራል፤ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ፣ ሰፈሩ ግን ፈላሻ ይላቸዋል፣ ከዚያም ዝቅ ሲል፣ ድምፅም ዝቅ ሲል፣ ቡዳ ይላቸዋል። በአካባቢው አንድም ገበሬ በእሳቸው እጅ ያላለፈ ማረሻ አልነበረውም። በገበያ ቀን ከወናፋቸው ፊት የሚሰለፈው ሰው ለንስሐ ከሚሰለፈው ይበልጥ ነበር። ያ ሁሉ ሰልፈኛ ግን ማጭዱን ክንዱን ዘርግቶ ከሩቅ ያቀብላል፣ መሬት መሬት እያየ ይጠብቃል፣ የተሳለለትን ተቀብሎ ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ደረቱ ላይ እትፍ እትፍ ይላል። ማረሻቸውን ይፈልጉታል፣ ዓይናቸውን አይፈልጉትም።

እሳቸው ቤት ደግሞ የአያ መርሻ እናት እመት ጥሩ ነበሩ፤ እሳቸውም በተራቸው እኛን አይፈልጉንም። የልጅ ልጃቸው ተገኘ ከእኛ ጋር ተጫውቶ ሲመለስ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ካልታጠበ በር አያስረግጡትም ነበር። አንድ ቀን ኳሱን ይዞ ሲመጣ ኳሱንም አሳጠቡት፤ ውሃ የጠጣ ኳስ እንደ ድንጋይ ከብዶ በማግሥቱ የሁለት ልጅ ጥፍር ነቀለብን። እናቴ ይህን ሰምታ «እኛ እነሱን እንፈራለን፣ እነሱ እኛን ይታጠባሉ፤ ማን ማንን እንደሚበላ እግዜር ይወቀው» አለች። እናቴ አዊኛ አፏን የፈታችበት ነው። እመት ጥሩ ወንዝ ዳር ለብቻቸው የሚያነበንቧት የድሮ ቋንቋ ደግሞ ከአዊኛ ጋር ዘመድ ነገር ሳትሆን አትቀርም፣ እናቴ ከአሥሩ ቃል ሁለቱን ትይዝ ነበር። «እናታችን አንድ ሳትሆን አትቀርም» ትልና፣ ወዲያው ጎረቤት እንዳይሰማት ድምፅዋን ትቀንሳለች።

ተገኘ በረኛ የሆነው እንግዲህ ሌላ ፈቃደኛ ስለጠፋ ነው። ክንዱ ረጅም፣ ወናፍ ሲነፋ ያደገ፣ ጸጥ ያለ ልጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ ቢያባብለውም አይነካም፤ እግዜር ይስጣቸውና አዘጋጆቹ የአውራጃውን ውድድር እሑድ አደረጉት። በመጀመሪያው ጨዋታ ሪጎሬ ተሰጠብን። መቺው ኳሱን አስቀመጠ፣ ቀና ሊል ሲል ተገኘን አስታወሰ መሰለኝ፣ አንገቱን እንደ ሙሽራ ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መታ። ኳሱ ወፍጮ ቤት ገባ። በሁለተኛው ጨዋታ ሌላው መቺ ፊቱን አዙሮ በተረከዙ ሞከረ። በሦስተኛው ላይ ነቄ አልሁ። ሰዉ ዓይኑን ለማየት ስለሚፈራ ኳሱን የት እንደሚመታ አያይም! ተገኘ መወርወር እንኳ አያስፈልገውም፣ መቆም ብቻ ነው።

ይህን የመሰለ ዕቃ እጅህ ገብቶ ዝም አትልም። ተቃራኒዎች «ቡዳ! ቡዳ!» ብለው ሲጮሁብን እኔ ድንጋዬ ላይ ቆሜ ግጥሙን አወጣሁት፦

እኛም ቡዳ ነን፣ እናቶቻችንም፤
ኳሱን እንበላለን፣ ጎሉን አንሰጥም!

በሳምንቱ ዳንግላ ሁሉ ዘፈነው። የዲያቆን ልጅ ዘፈነው፣ የፖሊስ ልጅ ዘፈነው፣ በእናቶቹ ስንኝ ምክንያት የተገረፍነው ልጆች እንባችንን ጠርገን እንደገና ዘፈንነው። ስድባቸው ከአፋቸው ላይ ቀዘቀዘ፤ ቡዳ ነን ያለን ሰው ምን ትለዋለህ? እንደዚያ ዓይነት ደስታ ከዚያ ወዲህ በትርፍም በሠርግም አላገኘሁም። አንድ ብቻ የማይዘፍን ነበረ፣ እሱም በረኛው ራሱ ነው። «ምነው አትዘፍንም? ላንተ እኮ ነው ያወጣሁት!» አልሁት። ተገኘ ጓንት የሚያደርጋቸውን የአባቱን አሮጌ ካልሲዎች እየጨመቀ ፈገግ አለና «እናንተ ጨዋታው ሲያልቅ ትተዉታላችሁ፤ እኔ ይዤው ነው ቤት የምገባ» አለኝ። ነገሩ ገብቶኛል ብል ውሸት ነው። ያኔ የሚገባኝ ገበያ ብቻ ነበር።

ገበያውም መጣ። ለዋንጫው ከኮሶበር ጋር ደረስን። የኮሶበር ደጋፊ በጭነት መኪና እንደ እህል ተጭኖ እንደሚመጣ፣ ተገኘንም ከሰይጣን እኩል እንደሚፈሩት ሰማሁ። ለቡዳ መድኃኒቱ ደግሞ የታወቀ ነው፦ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት። ከእናቴ ጓዳ ግማሽ ስልቻ ሽንኩርት አወጣሁ፣ ከየአጥሩ ጤና አዳም ለቀምሁ፣ መኪናው የሚቆምበት ዳገት ላይ ተደላድዬ ጠበቅሁ። «የዳንግላ በረኛ መከላከያ! ያለዚህ የገባ በራሱ ፈረደ!» እያልሁ የራሴን ቡድን በረኛ ለጠላት ቸበቸብሁት። ጤና አዳሙን ጆሯቸው ላይ ሰኩ፣ ሽንኩርቱን ኪሳቸው ከተቱ። ደመላሽ ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ቀጭን ጎረምሳ ነው፤ አንድ ሙሉ ራስ ሽንኩርት ገዝቶ «ኪስ ውስጥ ይሠራል ወይስ ይበላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ነጋዴ ጥያቄ ላይ አያመነታም። «ቢበላ ይበልጣል» አልሁት። በባዶ ሆዱ፣ ፍልቃቂ በፍልቃቂ፣ እየተንገፈገፈ ጨረሰው።

ጨዋታው ባዶ ለባዶ ቆይቶ ሊያልቅ ሲል ሪጎሬ ተሰጠብን። ዳኛው፣ የትምህርት ቤት አስተማሪ ናቸው፣ ሰዓታቸውን አይተው «ይህ ተመትቶ አለቀ» አሉ። ደመላሽ ኳሱን አስቀመጠ። ከጠዋት ጀምሮ ሲፋጅ የዋለው ሽንኩርት ያችን ደቂቃ መረጠ መሰለኝ፣ ላብ ላብ አለው፣ ሆዱን ይዞ እጥፍ አለና ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ሰዉ በሙሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ወደ ፊት የሮጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ተገኘ ጎሉን ትቶ መጣ፣ ተንበርክኮ ደመላሽን ደገፈው። ደመላሽ ዓይኑን ሲገልጥ ማንን ቢያይ ጥሩ ነው? «በላኝ!» ብሎ ጮኸ።

ቡዳ በላው የተባለን ሰው የሚያድነው፣ በአገራችን ወግ፣ የበላው ሰው ወይም ወገኑ መጥቶ እትፍ ሲልበት ነው። ደመላሽን ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ አስተኝተው ኮሶበሮች ዱላቸውን እንደያዙ፣ ወደ ቤቱ የሸሸውን ተገኘን ተከትለው ወደ አያ መርሻ ቤት ወረዱ። ከፊት የደመላሽ አጎት ነው። እኔም ከኋላ ተከተልሁ፤ ኪሴ ውስጥ የቀረችው ሽንኩርት እንደ ፍም ታቃጥለኛለች።

«መርሻ! ና ውጣ! ልጁ ላይ እትፍ በልና ይለቀቅ!»

አያ መርሻ የቆዳ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ወጡ። ድምፃቸው አልጨመረም። «እትፍ ብል ቡዳ ነኝ ማለቴ ነው። እንቢ ብል፣ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ገዳይ ነኝ። እስቲ እናንተው ምረጡልኝ፤ የትኛውን ሆኜ ነው ነገ ማረሻችሁን የምቀጠቅጥላችሁ?»

«ነገ እዚህ አታድርም! ልጁ ካልተነሳ ጎጆህ ላይ እሳት ነው የምንለቅበት!»

ይህ ሲባል የእኛ ሰፈር ልጆች ከሜዳው እየሮጡ ደረሱ። እዚህ የሚባለውን አላወቁም፤ ሪጎሬው ስለቀረ ዋንጫው የእኛ የሆነ መስሏቸው በደስታ ዘፈኑን ለቀቁት፦ እኛም ቡዳ ነን፣ እናቶቻችንም። አጎትየው እጁን ወደ እነሱ ዘርግቶ «ይኸው! የገዛ ሰፈሩ መሰከረበት!» አለ። አያ መርሻ ልጆቹን አዩ፤ ተገኘ ከበሩ ሥር ቆሞ እኔን አየ። ዘፈን በምስክርነት ሲቆጠር ያየሁት ያኔ ነው፤ ደራሲው ደግሞ እዚያው ቆሜያለሁ።

በሰው እግር መካከል ሾልኬ ወጣሁና ኪሴን ገለበጥሁት። «ሽንኩርት ነው! ሽንኩርት በልቶ ነው! አንድ ሙሉ ራስ!»

«ማነው የሸጠለት?» አለ አንድ ድምፅ። የአባቴ ድምፅ ነው። ለሽምግልና መጥተው ሰዉ መካከል ቆመዋል።

«እኔ።»

«ለምን?»

«ቡዳ እንዳይበላቸው።»

አባቴ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው በጥፊ የመቱኝ፤ እጃቸው ግን የሦስት ዓመት ቁጣ አጠራቅሞ የነበረ ይመስላል። ጥርሴ ሄደች። ወዲያው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ከወፍጮ ቤቱ በኩል አፍንጫቸውን ይዘው መጡ። «ልጁ አስመልሶ ተቀምጧል። ሰዎች፣ ምን ነካችሁ? ይህን ልጅ ለወጥ ነው እንዴ ያሰናዳችሁት?» አሉ። መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች፣ ከዚያ ሰዉ ሁሉ። አጎትየው ዱላውን አየት አደረገና፣ ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ ሳይወጣ፣ «ለነገሩ ማጭዴም ደንዝዛለች፣ ሰሞኑን እልካታለሁ» ብሎ ዳገቱን ተያያዘው።

እመት ጥሩ ጓዳ ገብተው ተልባ በጠበጡ፤ ሆድ ያለሰልሳል። ቅሉን ለደመላሽ እንድወስድ መሬት ላይ አኖሩልኝ። «ቅሉን አትመልሰው» አሉኝ፤ ሌላ ሰው የጠጣበትን አይቀበሉማ። ደም የሞላውን አፌን አይተውም «አንተም ወንዝ ውረድና ታጠብ። አንተ ደግሞ በብዙ ውሃ» አሉ። ደመላሽ ተልባው ከማን እንደመጣ ጠይቆ፣ ተነግሮት፣ እስከ ጠብታው ጠጣው።

ዳኛው ግን ደንብ አዋቂ ነበሩ። ደብተራቸው ላይ «ሪጎሬው አልተመታም» ብለው ጻፉ። ስለዚህ በሳምንቱ እሑድ ያ ሁሉ የኮሶበር ሕዝብ ለአንዲት ምት ብቻ እንደገና በመኪና ተጭኖ መጣ። የዚያን ቀን ጤና አዳም የሰካ ጥቂት ነው። እኔም አልዘፈንሁም፤ በዘፈኑ ከተቀጡት ልጆች ጋር ጥርሴን በምላሴ እየፈለግሁ ድንጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ደመላሽ ኳሱን አስቀመጠ፣ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቀና አለ። ቀና ብሎም ተገኘን አየው። ዓይን ለዓይን፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ሮጦ ወደ ቀኝ መታ።

ተገኘ አልተወረወረም። ያ ረጅም ክንዱ ከጎኑ አልተነቃነቀም። ኳሱ አልፎት ከሄደ በኋላ ነው የነቃው፤ ነቅቶም ወደ እኛ እየሮጠ መጣ፣ ጎል እንዳገባ ሰው እየዘለለ፣ እኔን አንገቴን አንቆ ይዞ «አየኸው? ዓይኔን እያየ መታ! አይቶኝ እኮ ነው የመታው!» ይለኛል። ቡድናችን ሊደበድበው ምንም አልቀረው፤ ዋንጫችን እኮ ሄዷል። እሱ ግን ጭራሽ አልሰማም፣ ወንዙ ውስጥ ሲታጠብ ብቻውን እየሳቀ ነበር።

ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ሌሎቹ ወገኖቻቸው ሲሄዱ፣ እነሱም በጎንደር በኩል አድርገው ኢየሩሳሌም ሄዱ። እመት ጥሩ የዕድሜያቸውን ሙሉ ፊታቸውን አዙረው የጸለዩላት አገር ስለሆነች ከሰፈሩ ማንም አልከለከላቸውም፣ ማንም አላባረራቸውም፤ ያን ቀን ከእሳቱ የተረፉት ሰዎች በዱላ ሳይሆን በራሳቸው እግር ሄዱ፣ በዚያ ደስ ይለኛል። የገበያ ቀን ገበሬዎች ማረሻቸውን ይዘው መጥተው ከቀዘቀዘው ምድጃ ፊት እስከ ቀትር ቆመው ተመለሱ። አሁን ማረሻ ከሌላ አገር በመኪና ይመጣል፤ አንድ ክረምት አያገለግልም፣ ግን ከሚሸጠው ሰው ገዝቶ ደረቱ ላይ እትፍ የሚል የለም።

ሜዳው ላይ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል፣ ግማሹ የባጃጅ መቆሚያ ነው። የዳንግላ ወጣቶች ለጨዋታ ወደ እንጅባራ ሲመጡ ግን ያንኑ ዘፈን ይዘፍናሉ፣ ቃሉ ሳይለወጥ። አንዱን ጠርቼ ከየት አመጣችሁት አልሁት፤ «የአባቶቻችን ነው ጋሼ» አለኝ በኩራት። በረኛውስ ማን ነበር ብለው «አንድ ረጅም ሰውዬ ነበር ይባላል» አለ። እኩዮቼን ጠየቅሁ፤ ዘፈኑን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስሙን የያዘ ከደመላሽ በቀር አላገኘሁም።

ስሙ ተገኘ መርሻ ነው። በዚያ ዓመት የገባበት ጎል ያቺ ብቻ ናት። ዳንግላ ባዶ፣ ኮሶበር አንድ።